ቋሊማው የማን ነው? ሳይጣሉ የመሟገቻ ዘዴ

በ2017 ነሐሴ እህቴ ከፍራንክፈርት መጣች። ሻንጣዋ ውስጥ፣ ከቸኮላቱና ከልጆች ጫማው መሀል፣ አንድ ጣሳ ነበር። ጣሳው ላይ የቀጫጭን ቋሊማ ሥዕል አለ። ጠረጴዛው ላይ ኳ አድርጋ አስቀመጠችውና «ይኼ የኛ ከተማ ቋሊማ ነው» አለች። አሥራ ሁለት ዓመት ኖራ ፍራንክፈርትን «የኛ» ማለት ጀምራለች።

የአጎታችን ልጅ ደግሞ ከቪየና በሁለት ቀን ቀድሟት ገብቷል። ጣሳውን አነሳ። አገላብጦ አየው። «ይኼማ የኛ ነው» አለ።

በቃ፣ ተጀመረ። ደሴ፣ ሸዋ በር፣ እናቴ ሳሎን። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል፣ ውስጥ ሁለት የወሎ ልጆች በፈረንጅ ቋሊማ ተያይዘዋል።

እኔ እዚሁ ሰፈር ትንሽ ቁርስ ቤት አለኝ። ፉል፣ እንቁላል ፍርፍር፣ ጨጨብሳ፣ በጾም ደግሞ ሽሮ። ሰው ሲከራከር መስማት የሥራዬ ግማሽ ነው። ከዚያ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁለት ሰዎች ስለ ሁለት ነገር እያወሩ ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ሲመስላቸው ነው። የቋሊማው ሙግትም እንደዚያው ሆኖ አገኘሁት። ለሁለት ሳምንት ያህል ስላካሄድነው ዘዴውን ልንገራችሁ። ቋሊማ ቤታችሁ ባይኖርም ችግር የለም። እኛም ያለ ቋሊማ ነው የጀመርነው።

ቀኑን እዩ

እህቴ የገባችው ነሐሴ 4 ነው። ፍልሰታ። እናቴ ጣሳውን በአንድ ጣቷ ገፋ አድርጋ «ጾሙ እስኪፈታ እዚህ እንዳላየው» አለች። ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ሁሉ የዓመት ፈቃዱ ፍልሰታ ላይ ነው የሚወድቀው። በየዓመቱ ይመጣሉ፣ በየዓመቱ ይገረማሉ።

ስለዚህ ሙግታችን በደረቁ ሆነ፤ በቡናና በቆሎ። በኋላ ሳስበው እንዲያውም ይኼ ይሻላል። ሥጋው ጠረጴዛ ላይ ካለ ሰው አፉን ይሞላና ክሱን ይረሳል። በጾም ግን የተጠማ ተሟጋች ነው የምታገኙት። ከዚያ ውጭ ካደረጋችሁት ረቡዕና ዓርብን ተዉ። ረመዳን ከሆነ ደግሞ ከፍጥር በኋላ አድርጉት። የሰፈር ሙግት ያለ ሙስሊም ጎረቤት አይደምቅም፤ ቢያንስ ደሴ ላይ።

ዳኛ ፈልጉ

ዳኛው ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ይሁን። በዕድሜ ከፍ ያለ፣ ሲስቅ ድምፁ የሚሰማ፣ «ቆይ» ሲል የሚደመጥ። የኛው ዳኛ ግድግዳ የምንጋራቸው ሐጂ ናቸው። አርባ ዓመት ልኳንዳ ሠርተዋል። የጀርመን ቋሊማ በልተው አያውቁም፣ ወደፊትም አይበሉም። ለዚህ ዳኝነት ከዚህ የበለጠ ብቃት ከየት ይመጣል?

ሐጂ እንደተቀመጡ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ከተማ አይደለም። ጣሳውን በከዘራቸው ጫፍ እየጠቆሙ «ማን አረደው?» አሉ።

እህቴ ይኼን ጥያቄ ጠብቃዋለች። ፊቷ በራ። «አብሽር ሐጂ! የበሬ ሥጋ ነው። ሐላል ነው። ከቱርክ ሱቅ ነው የገዛሁት፤ እርስዎም እንዲቀምሱልኝ ብዬ።»

እናቴ ከጀበናው ቀና አለች። «እንዲያ ከሆነ እኔ አልበላም።»

ዝም ተባለ። የአጎቴ ልጅ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ መስኮቱ ዞረ። እህቴ አንዴ እናቴን አንዴ ሐጂን ታያለች። ከጀርመን ሱቅ ብትገዛው ሐጂ አይነኩትም፤ ከቱርክ ሱቅ ስትገዛው እናቴ አትነካውም። አሥራ ሁለት ዓመት ቆይታ ረስታዋለች። እዚህ አገር ሰርግ ስንጠራ በሁለት ድስት እንደምንሠራ፣ ልኳንዳው አንዱ መስቀል አንዱ ጨረቃ ለጥፎ ጎን ለጎን እንደሚሸጥ ረስታዋለች። ሐጂ ከዘራቸውን እግራቸው ሥር አስተኙና «እንግዲህ ጣሳው ምስክር ሆኖ ይቀመጥ። ምስክር አይበላም» ብለው ፈረዱ።

ይኼን የሁለት ልኳንዳ ነገር ያዙልኝ። በኋላ ፍርዱን የሚያዞረው እሱ ነው።

ጭብጥ ያዙ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። «ቋሊማው የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ አንድ ይመስላል፤ ሦስት ነው። ስሙን ማን ሰጠው? መጀመሪያ ማን ሠራው? መጀመሪያ ማን ጻፈው? ሦስቱን ካልለያችሁ እስከ ማታ ብትጮሁም መግባባት የለም። ዳኛው ቡናው ሳይቀዳ ሦስቱን ጮክ ብሎ ይናገር። እኛ በአቦል ክስ፣ በቶና ማስረጃ፣ በበረካ ፍርድ ብለን ከፈልነው። ጀበናው ሰዓት ይይዝላችኋል። ብዙ የሚያወራ ዘመድ ካላችሁ ይኼ ብቻውን ይጠቅማችኋል።

ስሙን እንይ። ይኼ ከሁሉም የሚያስቀው ነው። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ያ ቀጭን፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚሸጥ ቋሊማ ቪየና ውስጥ «ፍራንክፈርተር» ነው የሚባለው። የፍራንክፈርት ማለት ነው። ጀርመን ስትገቡ ደግሞ «ቪነር» ይሉታል። የቪየና ማለት ነው። ሁለቱም ከተማ የኔ ነው ይላል፤ ሁለቱም ሲጠራው የሌላውን ስም ይጠራል።

የአጎቴ ልጅ ይኼን በአቦል ሲናገር እህቴ ብድግ አለች። «አየህ! ራሳችሁ የፍራንክፈርት ነው እያላችሁ!»

«እናንተስ? ቪነር አይደል የምትሉት?»

ሐጂ እጃቸውን አነሱ። «ወሎ ሰፈር የት ነው?»

«አዲስ አበባ» አልን ሁላችንም።

«ወሎ ውስጥ ወሎ ሰፈር አለ?»

የለም። ወሎ ውስጥ ማን ሰፈሩን ወሎ ሰፈር ብሎ ይጠራል? ስም የሚወጣው የመጣበት ቦታ ሲርቅ ነው። የተቀመጥንበት ሸዋ በርም ሸዋ አይደለም፤ ደሴ ነው። ስለዚህ የሐጂ የመጀመሪያ ብይን፦ ስም ከየት እንደመጣ ይጠቁማል፣ ማን እንደሠራው ግን አያረጋግጥም። ይኼን ብይን ለየትኛውም የምግብ ሙግት መጠቀም ትችላላችሁ።

ወደ ሠሪው ስትሄዱ አንድ ሰው ታገኛላችሁ። ዮሐን ጌኦርግ ላነር ይባላል። በ1772 ነው የተወለደው፣ በደቡብ ጀርመን፣ ፍራንኮንያ ውስጥ ባለ መንደር። ልኳንዳነት የተማረው ፍራንክፈርት ነው። ከዚያ ወደ ቪየና ሄዶ በ1805 ገደማ በራሱ ሱቅ ያንን ቋሊማ መሸጥ ጀመረ። የአጎቴ ልጅ ይኼን ሲያወራ የገዛ አያቱን ታሪክ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

ላነር ያደረገው አዲስ ነገር ምንድን ነው? የአሳማና የበሬ ሥጋ መቀላቀል። ይኼ ቀላል ይመስላል። ፍራንክፈርት ላይ ግን በዚያን ጊዜ አሳማ የሚሠራው ልኳንዳና በሬ የሚሠራው ልኳንዳ ተለያይተው ነበር። አንዱ የሌላውን አይነካም። ቪየና እንዲህ ዓይነት ክልከላ ስላልነበረ ቀላቀለው።

ሐጂ ይኼን ሲሰሙ ከወንበራቸው ጫፍ ደረሱ። «ሁለት ልኳንዳ! ጎን ለጎን!» ከዘራቸውን ወደ ውጭ፣ ወደ መንገዱ ጠቆሙ። «ታዲያ ይኼ ሰውዬ ምን ማድረግ ነበረበት? ሁለቱ ልኳንዳ የሌለበት አገር መሄድ ነበረበት።»

እውነት ነው፤ የሙግቱ ቁልፍ እሱ ነው። ቋሊማው እንዲወለድ ፍራንክፈርት የተማረ እጅም፣ ቪየና ያለ ነፃነትም ያስፈልግ ነበር። ደሴ የኖረ ሰው ይኼን ከማንም በፊት ይረዳዋል።

እህቴ ግን በዚህ አልተሸነፈችም፤ መሸነፍም የለባትም። የፍራንክፈርቱ ከአሳማ ሥጋ ብቻ የሚሠራ፣ በስሱ የሚጨስ ሌላ ቋሊማ ነው። ከላነር በፊት የነበረ ነው። ከተማዋ በ1987 «አምስት መቶ ዓመት ሞላው» ብላ ልደቱን አክብራለች። ከ1562 እስከ 1792 አብዛኞቹ የጀርመን ነገሥታት ዘውድ የሚጭኑት ፍራንክፈርት ነበር፤ በንግሡ ቀን አደባባይ ላይ ሙሉ በሬ ይጠበስ ነበር። ይኼን ስትናገር እናቴ ሳትቀር ጆሮዋን ሰጠች። የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ያለበት ከተማ ሰው ስለ ንጉሥ ግብር ሲነሳ ዝም ብሎ አያልፍም። «በሬው ብቻ ነው? ጠጁስ?» አለች።

ደግሞም ከ1860 ገደማ ጀምሮ ጀርመን ውስጥ «የፍራንክፈርት ቋሊማ» የሚለው ስም የተጠበቀ ነው፤ ከፍራንክፈርት አካባቢ ውጭ የተሠራ በዚያ ስም አይሸጥም። ቅልቅሉን ጀርመኖች «ቪነር» የሚሉት በዚህም ጭምር ነው።

አሁን አያችሁት? እህቴ ስለ አሳማው ቋሊማ ነው የምታወራው። የአጎቴ ልጅ ስለ ቅልቅሉ ነው የሚያወራው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ለሁለት ቀን የተጯጯሁት በሁለት ቋሊማ ነው።

ከዚያ ሐጂ ጣሳውን አነሱ። «ይኼስ? ይኼ በሬ ብቻ ነው አላልሽም?»

እሱስ ከሁለቱም የለበትም። ፍራንክፈርት ውስጥ ከበሬ ሥጋ ብቻ የሚሠራ ሦስተኛ ቋሊማ አለ፤ በ1894 አንድ የልኳንዳ ቤተሰብ የጀመረው ነው። አሳማ ለማይበሉ አይሁድ ደንበኞች ታስቦ ነው ይባላል። ስለዚህ ዘሩ ይቆጠር ከተባለ የእህቴ ጣሳ የዚያኛው ወገን ነው። ሙግቱን ያስነሳው ጣሳ ለሙግቱ ባዕድ ሆኖ ተገኘ።

የዘመን አቆጣጠር ላይ ተስማሙ

አጭር ነገር ነው፤ ግን ካልያዛችሁት ያባላል። ከላይ የጠራኋቸውም ከታች የምጠራቸውም የፈረንጅ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እኛ መጀመሪያ ይኼን ሳንስማማ ገባንበት። የአጎቴ ልጅ አንዱን ዓመት በኛ ቀየረው፣ እህቴ በነሱ ተወችው፣ ከሒሳቡ መሀል ስምንት ዓመት ጠፋ። «ስምንት ዓመት ሰረቅኸኝ» አለችው፣ የምሯን። ዳኛው መጀመሪያ ላይ «በነሱ ነው በኛ?» ብሎ ይቁረጥ። አንዱን ቀን ግን በኛ መንገር ደስ ይላል፤ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

ማስረጃ ሲቀርብ

በቶና ወረቀት ይቅረብ። ስልክም ይፈቀዳል፤ ግን አንዱ ካነበበ በኋላ ስልኩ ፊቱን ተደፍቶ ይቀመጥ። አለበለዚያ ሁሉም አንገቱን ይደፋና ሙግት መሆኑ ይቀራል።

ወረቀት ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማሳየት የሌላ ቋሊማ ክርክር ላምጣ። ጀርመን ውስጥ የሚጠበሰው ቋሊማ፣ ብራትቩርስት፣ የራሱ ጦርነት አለው። ቱሪንጊያ የሚባለው ክፍለ ሀገር የ1404 ሰነድ አለው። አርንሽታት የሚባል ከተማ ያለ የመነኮሳይያት ገዳም የወጪ መዝገብ ነው፤ «ለብራትቩርስት አንጀት አንድ ግሮሸን» ይላል። በዚህች አንድ መስመር ተደግፈው በ2004 የስድስት መቶ ዓመት በዓል አከበሩ። ኑረምበርግ ደግሞ የ1313 ሰነድ አለኝ ብላ ተነሳች። ዘጠና አንድ ዓመት ቀደመች ማለት ነው።

እናቴ ስለ ገዳሙ ስትሰማ «መነኮሳት አንጀት ይገዛሉ?» ብላ ሙግቱን አሥር ደቂቃ ወደ ሌላ ወሰደችው። እንዲህ ያለ መንገድ መሳት ሲመጣ አትከልክሉ። ቡናው የሚጣፍጠው ያኔ ነው።

ሰነድ የመወለጃ ወረቀት አይደለም። የኔን ቁርስ ቤት እዩ። ደረሰኝ መቁረጥ የጀመርኩት ከተከፈተ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የዛሬ መቶ ዓመት አንድ ሰው የመጀመሪያ ደረሰኜን ቢያገኝ «ሸዋ በር ላይ ፉል የተጀመረው በዚህ ቀን ነው» ሊል ነው። ፉሉን ሦስት ዓመት የበላው ሰውስ? ዳኛችሁ ለወረቀት ክብር ይስጥ፤ ግን «በዚህ ቀን ነበረ» እንጂ «በዚህ ቀን ተወለደ» አይበል።

ተረትም ይፈቀድ፣ ተረት ነው ተብሎ ከቀረበ። የኑረምበርግ ቋሊማ ትንሽ ነው፤ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሳንቲሜትር። የጠቋሚ ጣቴን ያህል ነው፣ ለክቼዋለሁ። ለምን አነሰ ሲባል፣ ድሮ የከተማው በር ከተዘጋ በኋላ በቁልፍ ቀዳዳ አሾልኮ ለመሸጥ ነው ይላሉ። ሐጂ ይኼን ሰምተው የእናቴን በር ቁልፍ ቀዳዳ በዓይናቸው ለኩ። «ልኳንዳ ሳለሁ ይኼን ባውቅ ኖሮ» አሉ፤ ምን ሊያደርጉ እንደነበር ግን አልነገሩንም።

ሙግቱ ከቀዘቀዘ ማሟሟቂያ ያስፈልጋችኋል። ለዚህ የማስቀምጠው የበርሊኑን ነው። የተቆራረጠ ቋሊማ ላይ የቲማቲም ስልስና የካሪ ዱቄት ያደርጉበታል፤ ካሪቩርስት ይባላል። በርሊን ሄርታ ሆይቨር የምትባል ሴት በሴፕቴምበር 4 ቀን 1949 ሻርሎተንቡርግ በነበረች ትንሽ ሱቋ ፈጠረችው ትላለች፤ ቦታው ላይም ማስታወሻ ተለጥፎላታል። በኛ ነሐሴ 29 ቀን 1941 መሆኑ ነው። ለአዲስ ዓመት በርበሬ የሚደለዝበት ሰሞን። ሐምቡርግ ደግሞ «ከዚያ በፊት እኛ ዘንድ ነበር» ትላለች፤ ለዚህ የምትጠራው ዋና ምስክር በ1993 የወጣ ልብ ወለድ ነው። ልብ ወለድ ምስክር ይሆናል ወይ? ይቺን ጥያቄ ጣል አድርጉና ቁጭ ብላችሁ እዩ።

ውርርድ አስይዙ

የድሮ ሰው «በላ ልበልሃ» ብሎ ሙግት ሲገጥም ከዘራውን እየሰበቀ፣ በግጥም እየተናገረ ነበር። ይወራረድም ነበር። ማር፣ በቅሎ፣ ፈረስ። ውርርድ ከሌለ ሰው ቀልቡን አይሰጥም። ገንዘብ ግን አታስገቡ፤ ገንዘብ ከገባ ጨዋታው ያበቃል። ሥራ አስይዙ። የኛ ውርርድ እንዲህ ነበር፦ ጾሙ ሲፈታ ቋሊማ ቤት ውስጥ እንሠራለን፤ የተረታው አንጀቱን ያጥባል።

በበረካ ሐጂ ፈረዱ። ስሙ ለፍራንክፈርት። ቅልቅሉ ለቪየና። ጣሳው ለማንም። ስለዚህ ሁለቱም ተረትተዋል፣ ሁለቱም ያጥባሉ። ይግባኝ የለም።

አንጀቱ

በዚያ ዓመት ነሐሴ 16 ዓርብ ላይ ዋለ። አንድ ቀን ተጨመረብን። ቅዳሜ ጠዋት ከሁለቱ ልኳንዳ ሁለት ኪሎ ሥጋና ሁለት ጥቅል የበግ አንጀት አመጣሁ። ሁለት ሳህን፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት። ሥጋ መፍጫውን ሳይቀር ሐጂ የራሳቸውን አመጡ።

አንጀት ማጠብ ለሚያውቅ ሰው ግማሽ ሰዓት ነው። ለእህቴና ለአጎቴ ልጅ ሁለት ሰዓት ፈጀ። መጀመሪያ ውሃ በውስጡ ታሳልፋላችሁ። ከዚያ እንደ ካልሲ ትገለብጡታላችሁ። ይኼኛው ነው የሚያስቸግረው። አፉን በሁለት ጣት ወደ ውጭ ታጥፉና እጥፋቱ ውስጥ ውሃ ስትሞሉ ራሱ እየተጎተተ ይገለበጣል። የቪየናው ሰውዬ ይኼን ሲያይ «እንደ ማጂክ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በቢላ ጀርባ ቀስ ብሎ መፋቅ፣ በጨውና በሎሚ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ደግሞ ማሸት። ሽታው እስኪጠፋ። ሲያልቅ ስስ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል። በመጨረሻ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል።

ሥጋው ለአንድ ኪሎ እንዲህ ነው። ሩቡ ስብ ይሁን፤ ደረቅ ሥጋ ብቻ ከሆነ እንደ ገለባ ይሆናል። ጨው አሥራ ስምንት ግራም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ልክ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ ኮረሪማ። እኔ ሚጥሚጣ ጨመርኩ፤ ፈረንጆቹ ይቅር ይበሉኝ። ሥጋው ሁልጊዜ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ከሞቀ ስቡ ይቀልጥና አይያያዝም። በረዶ የገባበት ውሃ ግማሽ ስኒ እያደረጋችሁ እጅ ላይ እስኪጣበቅ ድረስ እሹት።

መሙያ መሣሪያ ከሌላችሁ የሃይላንድ አንገት ቁረጡ። አንጀቱን ሙሉውን አፉ ላይ ሰብስቡት፣ ሥጋውን ከላይ በአውራ ጣት ግፉት። ጢም አድርጋችሁ አትሙሉ። አየር የቋጠረውን በመርፌ ጠቅ አድርጉ፣ በየአሥር ሳንቲሜትሩ አጠማዙና በክር እሰሩ።

ቀጥሎ እኔ ያጠፋሁትን ልናገር። የመጀመሪያውን ድስት እንደ ድንች ቀቀልኩት። ውሃው ሲንተከተክ ጨመርኩ፣ ክዳኑን ዘጋሁ፣ ቡና ልቆላ ሄድኩ። ስመለስ ቋሊማው ሁሉ ፈንድቷል። ድስቱ ውስጥ የነበረው ሾርባ ነው። እህቴ ክዳኑን አንስታ አየችና ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም። ከዚያ «ፍራንክፈርት ላይ ይኼን ብታደርጊ ፖሊስ ነው የሚጠራብሽ» አለችኝ።

ቋሊማ አይፈላም። ውሃው ከሰባ አምስት እስከ ሰማንያ ዲግሪ ይበቃዋል። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በዘጠና አንድና ዘጠና ሁለት መሀል ነው። «እንግዲያው ብዙም አይጎዳውም» ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ እኔ ተሸውጃለሁ። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ደግሞ ወደ ዘጠና አራት ይጠጋል፤ የበለጠ ተጠንቀቁ። መለኪያ ከሌላችሁ ድስቱ ዳር ጥቃቅን አረፋ ሲይዝና እንፋሎት ሲወጣ፣ ውሃው ግን ሳይንቀሳቀስ፣ ያኔ ነው ልኩ። እሳቱን እዚያ ላይ ያዙት። ግማሽ ሰዓት። አንዱን ቆርጣችሁ ውስጡ ቀይ አለመሆኑን እዩ። የታሸገውና የበሰለው ፈረንጅ ቋሊማ ከሆነ ግን እሳቱን አጥፍታችሁ ሙቅ ውሃው ውስጥ ስምንት ደቂቃ መንከር ይበቃል። ቤት የሠራችሁትን በዕለቱ ብሉት፤ አታሳድሩት።

ዳኛው ይነሱልን

ሁለተኛው ድስት ተሳካ። ሁለት ሳህን ቀረበ፤ አንዱ ለነሐጂ፣ አንዱ ለኛ። ልክ ልንቀምስ ስንል የሐጂ ልጅ ሚስት ገባች። የሐረር ልጅ ናት። ሳህኑን አየችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቋሊማ» አልናት።

«ቋሊማ?» አለች። ቆማ አንዱን አንስታ አሸተተችው። «እኛ ጋ ቋሊማ በዓል ነው። በሬው ይታረዳል፣ ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ዝንጅብሉ፣ እርዱ፣ ቀረፋው፣ ቅርንፉዱ ገብቶ ይሞላል። ከዚያ ይሰቀላል። ይጨሳል። ይደርቃል። ይኼ ጭስ እንኳ አልነካውም። ደግሞ ስሙ የማን ሆኖ ነው ፍራንክፈርትና ቪየና ትጣላላችሁ? ቋሊማ የሐረር ነው።»

የአጎቴ ልጅ ወዲያው «ወሎስ? ቋንጣውን ማን...» ብሎ ጀመረ። እህቴ «ቋንጣ አንጀት ውስጥ አይገባም!» አለችው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍራንክፈርት ሌላ ወገን ያዘች። ሐጂ ከዘራቸውን አንስተው «ዝም! ይኼ አዲስ ክስ ነው። ጭብጥ እንያዝ» አሉ።

እናቴ ግን ብድግ አለች። «አይሆንም ሐጂ። ከሳሿ ምራትዎ ናት። ይነሱልን።»

ሐጂ ለትንሽ ጊዜ አሰቡና ወንበሩን ለቀቁ። እናቴ ተቀመጠችበት። መነጽሯን አደረገች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ዙሪያውን አየች። የመጀመሪያ ትእዛዟ «ሁላችሁም እጃችሁን ታጠቡ» የሚል ነበር። ሁለተኛው፣ ሐረርጌዋ በመስቀል ማግሥት የምታጨሰውን ይዛ እንድትቀርብ። ፍርዱ እስካሁን በቀጠሮ ላይ ነው።

ጣሳውም አለ። ማስረጃ ስለሆነ ማንም አይነካውም፤ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን። አንድ ቀን አቧራ ስጠርግ ታቹን አየሁት። የሚያበቃው 2027 ይላል። ለእናቴ አሳየኋት፣ ቶሎ እንወስን ብዬ።

መነጽሯን አድርጋ አየችው። «ገና አሥር ዓመት አለው። ምን አስቸኮለሽ?»